በሎሚ የተቀቀለው ካርቡሬተር

ትሕትና ሥራዋን ትወደው ነበር፤ መንገዱን ግን ጠልታዋለች።

በዲጋ ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ከነቀምቴ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ትጠብቃለች። ዲጋ ስትደርስ ደግሞ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ የሚወስዳት ስለሌለ፣ የክትባት ሣጥኗን አንግታ በእግሯ ትነጉዳለች። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ከተበላሸ ቆይቷል። ብዙ ጊዜ የምትደርሰው ገበሬው ከብቶቹን አግዶ ጠብቆ ጠብቆ፣ ተስፋ ቆርጦ ወደ ግጦሽ ካሰማራቸው በኋላ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶም ቀልጦ ይጠብቃታል።

አንድ ቀን አለቃዋ ጠርቶ፣ «ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አላት። «ግን እስከ ክረምቱ መግቢያ ካልተሻሻለ ወደ ቢሮ አዛውርሻለሁ። ገጠሩን የራሱ ሞተር ላለው ሰው እሰጠዋለሁ።»

ትሕትና ግን ቢሮ ውስጥ ታስራ መዋልን አትፈልግም።

ሞተርስ በቤታቸው ነበረች። አባቷ ሠርፀ የግብርና ሠራተኛ ሳለ ከሲሬ እስከ ዲጋ የዞረባት፣ ሁለት ሲሊንደር ያላት አሮጌ የጃፓን ሥራ። እሱ ታሞ ከሞተ በኋላ እናቷ ወይዘሮ የሺወርቅ በሸራ ጠቅልለው ከጓሮው የቆርቆሮ ክፍል አስገቧት። አልሸጧትም፤ አላስነሷትምም። ከዚያ ወዲህ ዶሮዎች ኮርቻዋ ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር።

«እማዬ፣ ሞተሯን ላስጠግናት።»

«የዶቅዶቄዋን ነገር አታንሺብኝ።»

«ለምን?»

«ድምፅዋን ከሰማሁ ወደ በር እሮጣለኋ፤ የመጣ መስሎኝ» አሉ እናቷ።

ትሕትና ግን ከተማውን ዞረች። ጋራዥ የገባችበት ሁሉ ያሾፍባታል። «ሁለት ካርቡሬተር ያላት? እሷን ዛሬ ማን ይነካታል! በኪሎ ሽጫት» ይሏታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዲጋ ስትመለስ ዝናብ ያዛት። ከሚኒባሱ እንደወረደች ሣጥኗን አቅፋ እየሮጠች በመንገድ ዳር ባለች አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ጥላ ሥር ገባች። ጠጉሯን ስታራግፍ ከውስጥ የወንድ ድምፅ ተሰማት።

«ኮቱ፣ ጃለሌ ኮ። ኮቱ በቃ!»

ነይ፣ ፍቅሬ፣ ነይ በቃ፣ ማለቱ ነው። ትሕትና ዞር ብላ፣ «ማንን ነው ፍቅሬ የምትለው? ባለጌ!» አለች።

ከአንድ ሞተር ጀርባ ረጅም ቀጭን ወጣት ብቅ አለ። ፒንሳ በእጁ፣ ካቻቢቴ በጥርሱ ይዟል። ካቻቢቴውን አውጥቶ፣ «ይቺን ቡሎን ነው» አለ በድንጋጤ። «ከጠዋት ጀምሮ አልወጣም ብላኝ…»

ትሕትና መሳቋን ለመደበቅ ወደ ዝናቡ ዞረች። ትከሻዋ ግን አሳበቀባት።

«ታዲያ ብትሰድባት አትወጣም?» አለችው።

«ሰድቤያታለሁ። ልመናው የመጣው ስድቡ ካለቀብኝ በኋላ ነው።»

ሌንጮ ይባላል። ዝናቡ እስኪያባራ ስለ አባቷ ሞተር ነገረችው። ሁለት ካርቡሬተር ስትል እንደ ሌሎቹ አልሳቀባትም፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ተጣብቀዋል?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። «ቅዳሜ መጥቼ ልያቸው።»

ቅዳሜ ሲመጣ ወይዘሮ የሺወርቅ ለማኅበር ሄደው ነበር። ሁለቱ ሸራውን ሲገልጡ ዶሮዎቹ እየጮኹ ተበተኑ። ሌንጮ ተንበርክኮ ሁለቱን ካርቡሬተሮች ፈትቶ አወጣና የአንደኛውን ሆድ ከፈተ። በውስጡ ቡናማ ነገር ግግር ብሎ ተቀምጧል።

«አየሽ? ቤንዚኑ ሳይደፋ ነው የተቀመጠው። ቤንዚን ሲከርም ሙጫ ይሆናል። ይሄ ደግሞ ፒስተኑ ነው፤ ጋዝ ስትሰጪ ከፍ ዝቅ ማለት ነበረበት። ከቤቱ ጋር አንድ ሆኗል።»

መዶሻ ሲያነሳ ትሕትና እጁን ያዘች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ትንሽ ነካ ላደርገው።»

«ጥጃ በማኅፀን ሲጣበቅ እኛ አንመታም። መጀመሪያ እናለሰልሳለን፣ ከዚያ እንጠብቃለን።»

ሌንጮ መዶሻውንና እጁን የያዘውን እጇን ተራ በተራ አየ። እሷም የት እንደያዘችው ያን ጊዜ ታወቃትና ለቀቀችው።

«ሎሚ አላችሁ?» አለ መዶሻውን እያስቀመጠ። «አንድ የጊምቢ ሰው በሎሚ ውኃ ሲቀቅል አይቻለሁ። እኔ ሞክሬው አላውቅም።»

ጓሮው ውስጥ የሎሚ ዛፍ ነበር። ሎሚ ጨምቀው፣ ውኃ ጨምረው፣ ትሕትና ከማድቤት ባመጣችው ድስት ካርቡሬተሮቹን ጣዱ። ከከሰሉ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ተራ በተራ እያራገቡ የሚንተከተከውን ያያሉ።

የግቢው በር ሲከፈት ዘለው ተነሡ። ወይዘሮ የሺወርቅ ገቡ። «ምን ወጥ ነው እንዲህ የሚሸተው?» ብለው ክዳኑን አነሱ።

«የማርያም ያለህ! ድስቴን!»

«አዴ የሺወርቅ፣ ይቅርታ፣ አዲስ ድስት እገዛለሁ…» አለ ሌንጮ።

«ድስቱስ ድስት ነው። የባሌን ሞተር እኮ ነው የቀቀልከው!»

ወይዘሮ የሺወርቅ ወደ ድስቱ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና፣ «በደንብ አብስለው እንግዲህ» አሉ። «ሠርፀ ጥሬ ነገር አይወድም ነበር።» ፊታቸውን ሳያሳዩ ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ለትሕትና ከሌላው ቀን የተለየ ሆነ። ሌንጮ ከተፈታ የኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዞ ጂግለር የሚሏትን፣ ቤንዚን በመርፌ ቀዳዳዋ የምታሳልፈውን ትንሽ ናስ እንዴት እንደሚጠርጉ አሳያት። «በብረት ሽቦ አይሆንም፤ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በመዳብ፣ ቀስ ብሎ።» ከጠረገች በኋላ ወደ ፀሐይ አንሥታ በአንድ ዓይኗ ታያለች። አንድ ጊዜ ብርሃኑ ጥርት ብሎ ሲታያት፣ «ተከፈተች!» ብላ ጮኸች። ጂግለሯን ዝቅ ስታደርግ ሌንጮ ናሷን ሳይሆን እሷን ያይ ነበር። ዓይኑን ለመመለስ አልቸኮለም።

የአንደኛው ካርቡሬተር ፒስተን ከተቀቀለ በኋላም ላምባ ውስጥ ከርሞ፣ አንድ ቀን በሌንጮ ጣት ሥር ጧ ብሎ ተላቀቀ። ሁለቱም እንደ ልጅ ዘለሉ። በዘይት የተለወሰ መዳፉ በመዳፏ ላይ ሲቀር ማንም ቀድሞ አላነሣም።

ጉዳቱ የመጣው በሁለተኛው ነው።

ክረምቱ እየገባ ስለነበር ሌንጮ ቸኩሎ ነበር፤ ለእሷ ሲል። የቤንዚኑን መጠን የሚቆጣጠረውን ተንሳፋፊ የያዘችው ቀጭን ዘንግ ዝጋለች። «ትንሽ ትቆይ» አለችው። «በቃ፣ ትወጣለች» ብሎ ገፋት። ዘንጓን የተሸከመችው የካርቡሬተሩ ጆሮ ቀጭ ብላ ተሰበረች።

ሌንጮ ስባሪዋን በመዳፉ ይዞ፣ «ሰበርኩት» አለ።

«ቆይ ብዬህ ነበር» አለች ትሕትና። ሌላ ነገር ማለት ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ግን እሱ ብቻ ሆነ። የአባቷ ነገር ነበርና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሌንጮ እንባውን አየ። የተሰበረውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ «ሌላ አመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። በዚያኛውም። ስልኩ ዝግ ነው። በጋራዡ ስታልፍ ቆርቆሮው ተቆልፏል።

«ሄደ በይው» አሉ እናቷ። «የሰው ንብረት ሰብሮ ሲያበቃ ዘወር አለ።» ያን ሰሞን የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ራጉኤል ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ጨዋ፣ እናቱም የወይዘሮ የሺወርቅ የማኅበር ጓደኛ ናት። እሑድ ከእናቱ ጋር መጥቶ ሻይ ጠጣ፤ ለትሕትናም እዚያው አዲስ አበባ የእንስሳት መድኃኒት የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ሥራ ሊፈልግላት እንደሚችልም ነገራት። ምንም የሚነቀፍበት ነገር አልነበረም። ትሕትና ስትሰማው ጆሮዋ ግን በር በሩን ነበር።

«የሃይማኖታችን ልጅ፣ የሀገራችን ሰው» አሉ እናቷ እንግዶቹ ሲወጡ። «ልጅሽን ለልጃችን ብለውኛል፤ ምን ልበላቸው?»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፣ እማዬ።»

በማግሥቱ ወደ ጋራዡ ሄደች። ከጋራዡ አጥር ሥር በቆሎ የምትጠብሰው የሌንጮ እህት ቦንቱ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ሐኪሟ አንቺ ነሽ?» አለች።

«የት ነው ያለው?»

«ከሲሬ ወደ ውስጥ፣ ገጠር። የእናንተን ዓይነት ሞተር ያላቸው ኦቦ ጂሩ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ ሲባል ሰምቶ ሄደ። ስልኩም ላምባ ውስጥ ወድቆበት ተበላሽቷል።»

«ለምን ሳይነግረኝ?»

«'ባዶ እጄን ፊቷ አልቆምም' አለ። ግትር ነው» አለች ቦንቱ በቆሎውን እያገላበጠች። «እኛ ቤት ሁሉም ግትር ነው።»

ትሕትና ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሲሬ ወረደች። ከሲሬ ወዲያ ጭቃውን እየረገጠች፣ ሰው እየጠየቀች ሄደች። የኦቦ ጂሩን ቤት ያገኘችው ከወፍጮ ቤታቸው የተነሣ ነው፤ እህል የተሸከሙ ሴቶች ደጁን ሞልተው ወፍጮው ግን ጭጭ ብሏል። ከወፍጮው ሞተር ሥር ሁለት ረጃጅም እግሮች ወጥተው ይታያሉ።

«ሌንጮ!»

ሌንጮ ደንግጦ ሲነሣ ግንባሩ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ወጣ። ፊቱ ጥላሸትና ዱቄት ነው።

«ትሕትና? እንዴት…»

«ስልክ የሚባል ነገር በሲሬ የለም? የሰው ስልክ አይለመንም?»

ኦቦ ጂሩ ከበሩ ላይ ሆነው በእርጋታ ነገሯት። ካርቡሬተሩን በገንዘብ አይሰጡም። ወፍጮው ቆሞ ሰው እየተራበ ነው፤ ወፍጮውን ያስነሣላቸው፣ ይውሰድ። «ሥራውን ጨርሶ ብትጣሉ ምን አለበት?» ብለው ጨመሩ።

«እየሠራንም እንጣላለን» አለች ትሕትና። እጅጌዋን ሰብስባ የወፍጮውን ረጅም የጎማ ቀበቶ ያዘች። እሱ ሲያጠብቅ እሷ ትወጥራለች፤ ጠቡም እንደዚያው።

«አፍሬ ነው» አለ ሌንጮ።

«በምን?»

«አለቀስሽ። የአባትሽን ነገር ሰብሬ…»

«ስላለቀስኩ ትጠፋለህ? ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ?»

«ካርቡሬተሩን ይዤ ልመጣ ነበር!»

«እኔ ካርቡሬተር የምጠብቅ መሰለህ?»

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት ትልቅ ሴት ጆንያዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ዱጋ ጄቲ» አለች፤ እውነቷን ነው፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሌንጮ መፍቻውን አስቀመጠ። «ታዲያ ምን ነበር የምትጠብቂው?» አለ በቀስታ።

«እሱን ካላወቅከው ወፍጮህን ጠግን» አለች። ፊቷ ግን ነግሮት ነበር።

ወፍጮው ተነሣ። ሴቶቹ እልል ያሉት ለወፍጮው ይሁን ለነሱ አልታወቀም።

በአውቶቡስ ሲመለሱ ትሕትና ካርቡሬተሩን በጭኗ ላይ ይዛለች። ሌንጮ በመስኮቱ እያየ፣ «እናቴ የመካነ ኢየሱስ ዘማሪ ናት» አለ። «ያንቺ እናት ደግሞ ማርያምን ይዘክራሉ። አይከብድሽም?»

«ይከብደኛል።»

«እና?»

«የከበደኝን ሁሉ አልተውም» አለች። ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች፤ እሱም እስከ ነቀምቴ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ።

ሞተሯ የተነሣችው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሌንጮ በእግሩ መታት፤ አስነጠሰች። ደግሞ መታት፤ ሰማያዊ ጭስ ተፋች። ከዚያ ሁለቱም ሲሊንደሮች አንድ ላይ ያዙ። ወይዘሮ የሺወርቅ እንዳሉትም ወደ በር ሮጡ። ደጁ ላይ ቆመው ቀሚሳቸውን በእጃቸው ጨብጠው አለቀሱ፤ ሲጨርሱም ሞተሯን ዳበስ አደረጓት።

ትሕትና ጊዜው ይህ መሰላት። ስለ ሌንጮ ነገረቻቸው።

የእናቷ ፊት ተዘጋ። «ሞተሯን ፈቀድኩ እንጂ ልጄን አልፈቀድኩም።»

ትሕትና ለራጉኤል ራሷ ደውላ ነገረችው። እሱም፣ «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አላት፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። እናቷ ግን አኮረፉ። ምግብ ለየብቻ ሆነ። ትሕትና በየማለዳው በአባቷ ሞተር ወደ ዲጋ ትወርዳለች፤ ገበሬዎቹ ድምፁን ሲሰሙ ከብት ማገድ ጀመሩ፤ አለቃዋም ስለ ቢሮው ዳግም አላነሣም። ማታ ስትመለስ ግን ቤቱ ዝም ነው። ከሌንጮ ጋር በጋራዡ ደጅ ቆመው ያወራሉ። «እናትሽ እሺ ሳይሉ አልወስድሽም» ይላታል፤ ይህንንም ስለሚል ትናደድበታለች፤ ስለሚልም ትወደዋለች።

በሐምሌ አንድ ቀን ሰማዩ ተቀደደ። ትሕትና ከአንድ ገጠር ስትመለስ ወንዙ ድልድዩን አልፎ ፈሰሰ። ሞተሯን ከዛፍ ሥር አቁማ፣ ውኃው እስኪጎድል እዚያው ካስጠለሏት ገበሬዎች ጋር ቆመች። ስልኳ መስመር አልነበረውም።

ውኃው ትንሽ ሲቀንስ ከወዲያ ማዶ ሞተር መጣ። ነጂው ሌንጮ ነው። ከኋላው፣ በላስቲክ ተሸፍና ወገቡን ጭምቅ አድርጋ የያዘች ሴት ተቀምጣለች። ትሕትና መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። እናቷ ነበሩ።

«ትሕትናዬ! ደህና ነሽ?» እያሉ ከማዶ ይጮሃሉ።

«ደህና ነኝ! እማዬ፣ በዚህ ዝናብ ምን አመጣሽ?»

«እሱ አመጣኝ! ይቅሩ ቢለኝስ መች እሺ እለዋለሁ!»

ሌንጮ ከሞተሩ ወርዶ በውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

በዚያ ምሽት እናትና ልጅ ከብዙ ቀን በኋላ በአንድ ትሪ ቀረቡ። ወይዘሮ የሺወርቅ ሳይጎርሱ ቆዩ።

«ጋራዡ ድረስ ሄጄ 'ወደ ልጄ ውሰደኝ' አልኩት» አሉ። «ሞተሩ ላይ ስወጣ፣ 'ቀስ በል፣ እፈራለሁ' አልኩት። መንገዱን ሁሉ ቀስ አለልኝ። ጀርባው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በብርድ ነው ብዬ ነበር። አንቺን ከማዶ ሲያይ መንቀጥቀጡ ቆመ።»

እናቷ አጎረሷት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሽማግሌዎች መጡ። የሌንጮ አባት ኦቦ ዋቅወያ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ሽማግሌ፣ ከእነሱም ጋር ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገረው የሰፈሩ ባለሱቅ ጉራጌው ፉአድ። እንደ ደንቡ ቆሙ። «የምንለምነውን ሳናገኝ አንቀመጥም» አለ ፉአድ።

ትሕትና ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታዳምጣለች።

«የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ገና አልጨረስኩትም» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ። «ከንስሐ አባቴ ጋር እነጋገራለሁ፤ እናንተም ከሰዎቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። ይቅለል ይክበድ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። የት ነው የሚኖሩት?»

«እዚሁ ነቀምቴ» አሉ ኦቦ ዋቅወያ በተሰባበረ አማርኛ። «እሷ ሥራዋ እዚህ። እሱም እዚህ። የት ይሄዳሉ?»

«የሚወለዱትስ? አያታቸውን በምን ቋንቋ ያናግራሉ?»

ኦቦ ዋቅወያ፣ «እኔን በኔ» አሉ። «እርስዎን በእርስዎ።»

ፉአድ የቆመበትን እግር ቀየረ። ከውጭ የሌንጮ ሳል ተሰማ፤ አጥሩ ጋ ቆሞ እየጠበቀ ነበር።

ወይዘሮ የሺወርቅ ነቀምቴ ተወልደው፣ ነቀምቴ ተድረው፣ ኦሮምኛን ገበያ ላይ በቅቤ ዋጋ ሲከራከሩ እንጂ በቤታቸው ውስጥ ተናግረውት አያውቁም። አሁን ግን ከመቀመጫቸው ተነሡና አግዳሚ ወንበሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ታኣ» አሉ ለሽማግሌዎቹ፤ ተቀመጡ ማለታቸው ነው።

ትሕትና ከመጋረጃው ጀርባ፣ አግዳሚው በሦስቱ ሰዎች ክብደት አንድ በአንድ ሲጢጥ ሲል ሰማች። ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ፣ ሌንጮን ልትጠራ ወደ አጥሩ ሮጠች።